የዘጠኝ ሰዓት ጭስ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜን መቃብር አይቼ ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ የባሕር ዛፍ ጭስና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ የሚወርዱት ሰዎች ገፋ አድርገውኝ አለፉ፤ እኔ ግን መራመድ አልቻልኩም። ታላቅ ወንድሜ ወንዴ ከሞተ አርባ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁሉ አላለቀስኩም፤ ማለቴ በደንብ አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚያመጣና ድንኳን የሚመልስ ሰው ይፈልጋል። እኔ ያ ሰው ሆኜ ሰነበትኩ። ያን ቀን ግን መንገድ ዳር ቆሜ በነጭ ሽንኩርት ሽታ አለቀስኩ።

ጽሕፈት ላይ ጎበዝ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማመልከቻ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ይህን የምጽፈው ወንዴ በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት ያደረገልንን ነገር ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ ነው። ግማሹን እኔ አውቅ ነበር፤ ግማሹን ደግሞ እማዬ። እማዬ ከወንዴ ሞት በኋላ እንደዚያ ዓመት እህል እንቢ ብላ ነበር፤ የሁለታችን ግማሽ የተገናኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽታው የመጣው ከተካ ቤት ነው። በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር ፒዛ ይበላ ነበር ስል የማያምኑኝ አሉ። ይበላ ነበር። ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ምልክት የሌለው፣ ስድስት ጠረጴዛ ያለው ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ተካ በወጣትነታቸው ናፖሊ ከሚባል አገር የመጣ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ሽማግሌው ሲሞት ሙያው እሳቸው ጋ ቀረ። ፒዛቸው ጠርዙ ያበጠ፣ እዚህም እዚያም የጠቆረ፣ መሀሉ ግን ስስና እርጥብ ነበር። በሹካ የሚበላ ሰው ካዩ ይቆጡ ነበር። እንደ ነጠላ አራት አጥፎ፣ በእጅ ይዞ፣ አንገትን ሰበር አድርጎ ነው የሚበላው።

ምድጃውን የሠራው አባቴ ነው። ግንበኛ ነበር። ከሥሩ ጨውና የተሰበረ ጠርሙስ አንጥፎ፣ በላዩ ጡብ ደርድሮ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ጀርባ አጉብጦ ዘጋው። ጠርሙሱ ሙቀት እንዲይዝ ነው አሉ። እኔ እሳቱ ራሱን የሚያይበት መስታወት ነው ብዬ አምን ነበር። ጋሽ ተካ ሲያገኙኝ፣ «ና እስቲ፣ የአባትህ ምድጃ ምን ይላል?» ይሉኛል። ጆሮዬን አስጠግቼ፣ «ርቦኛል ይላል» ስላቸው ከት ብለው ይስቃሉ።

ሁልጊዜ የቅበላ ቀን፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ አባቴ ሦስታችንንም እዚያ ይወስደን ነበር። ፎርማጆ የሚሉት የጣሊያን አይብ ያለበትን ፒዛ እስክንጠግብ እንበላለን። በማግስቱ ጾም ነው።

አባቴ በታኅሣሥ ታሞ በጥር ሞተ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ቅበላ መጣ፤ የትም አልሄድንም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። የአባቴን የእጅ ሰዓት እማዬ በመሐረብ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሬዲዮ በሐዘን አይከፈትም። መስኮቱ ተዘጋ። ክፍት የነበረው በሩ ብቻ ነው። በራችን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ስለሚመለከት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ደፉን አልፋ ትገባና ቀስ እያለች ወደ አልጋው እግር ትሄዳለች። እማዬ ጥቁሯን ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከዚያች የፀሐይ መስመር አታነሳም ነበር። እኔ መሬት መሬት እያየች የምታዝን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሥራ ሰጠችኝ። በየቀኑ፣ «ሂድና የተካን ጭስ እየው። ሲወጣ ዘጠኝ ሆኗል ብለህ ንገረኝ» ትለኛለች።

ይህን ልግለጽ። በዐቢይ ጾም ጋሽ ተካ ምድጃቸውን የሚያነዱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲደርስ ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ነጠላውን እንደለበሰ ከቁስቋም ማርያም እየወረደ እሳቸው ቤት ይገባል። ፎርማጆም ሥጋም የሌለበት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ትንሽ በሶብላ ብቻ ያለበት ፒዛ ነበራቸው። ጣሊያኑ በሌላ ስም ይጠራው ነበር መሰለኝ፤ እኛ የጾም ፒዛ ነበር የምንለው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ቅጠል የበዛበት የባሕር ዛፍ ጭስ ከጭስ ማውጫው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እኛ ደጃፍ ላይ ሆኖ ይታያል። እኔ ጾም የሚፈታው በዚያ ጭስ ይመስለኝ ነበር። ማለቴ፣ ቄሶቹም እግዜርም ጋሽ ተካ እሳት እስኪያነዱ የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ እፍኝ ቆሎ ወስዳ ግማሹን ትመልሰዋለች። በቃ ያ ነው ምግቧ። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ሴት፣ ይሄ ጾም አይደለም። ልጆች አሉሽ» አሏት።

«አሉኝ» አለች እማዬ። 

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ማርያም አንድ ቀን ወንጌል ሲያነቡልን ስለ ጠባቡ በር ሰማሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አባቴ በዚያ በር አልፏል። እማዬ የምትቀጥነው እሱን ተከትላ ለማለፍ ነው። የእጇን አንጓ በሁለት ጣቴ ለክቼ አየሁት፤ ጣቶቼ ገጠሙ። ትንሽ ነው የቀራት ብዬ ፈራሁ። ለወንዴ ነገርኩት። ወንዴ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ጢሙ ብቅ ብቅ ብሏል። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«በዚያ በር የምታልፈው ካልወፈረች ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እናወፍራታለና።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ነበር፣ ተካ ቤት ወሰደኝ። ጓደኛው ከድርም አብሮን መጣ። የከድር አባት ከእኛ በታች ሱቅ ነበራቸው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጠላ የለበሰ ሰው በየጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ውኃ እንኳ የሚጠጣ የለም። ሁሉም የጋሽ ተካን እጅ ያያል። ሁለት የብረት አካፋ ነበራቸው፤ አንዱ ለፍስክ፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ደግሞ ለጾም።

«ጋሽ ተካ፣ ሰዓትዎ ቆሟል እንዴ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«የኔስ ይሄዳል። ያንተ ሆድ ነው የቀደመ።»

«ጓድ ተካ፣ ለአብዮቱ ሲባል አንድ አምስት ደቂቃ ይቀንሱልን።»

«ለአብዮቱ በቀበሌ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ተቀምጠህ የለ? እዚህም ተቀመጥ።»

ሰው ሁሉ በነጠላው ውስጥ ሳቀ። ከዚያ ጋሽ ተካ ባለቀዩን ጨርቅ አካፋ ከምድጃው አፍ ጋር ሦስት ጊዜ አጋጩት። ቤቱ በአንድ ጊዜ አማተበና መብላት ጀመረ።

ከድር ዓመቱን ሙሉ በዚያ አካፋ ብቻ ነበር የሚበላው፤ የፍስኩ አካፋ የክርስቲያን ሥጋ ስለሚነካ። ስለዚህ በጾም ወንዴና እሱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። «አንተ ከእኛ በላይ ጾመኛ ሆንክ እኮ» ይለዋል ወንዴ። ከድርም፣ «እናንተ ሁለት ወር ብትሞክሩት ነው፤ እኔ ኖሬበታለሁ» ይላል። ቲማቲሙ አገጬን አቃጠለው። በሶብላው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አባቴ ከሞተ በኋላ የምግብ ጣዕም የተሰማኝ ያን ቀን ነው።

ስንወጣ ወንዴ ወደ ምድጃው ቀርቦ ጋሽ ተካን በዝቅታ አነጋገራቸው። እኔ የሰማሁት የእሳቸውን መልስ ነው።

«ሐዘንተኛ እዚህ አይገባም፤ እሷም አትመጣም፤ ልክ ናት። እኛ እንልካለን። በየቀኑ፣ ትኩሱን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዴ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሙሉ ፒዛ በጋቢው ሥር ይዞ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። ደረቱ እየተቃጠለ። እማዬ ለይሉኝታ ጫፉን ቆረስ ታደርግና፣ «ጎረስኩ እኮ፤ ለልጁ ስጠው» ትላለች። እኔ እበላለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እኔ ወፈርኩ። እማዬ ቀጠነች። በዚያ በር እሷ ታልፋለች፣ እኔ ግን አላልፍም ብዬ አሰብኩ፤ መብላት ላቆም ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ረቡዕ ነበር። ወንዴ ትምህርት ቤት ነው። እማዬ እንደ ልማዷ፣ «ሂድና ጭሱን እየው» አለችኝ። ወጣሁ። ጭሱ ወጥቷል። ቀጥ ብሎ፣ ወፍሮ።

የዚያን ቀን ጋሽ ተካ ምድጃውን በጠዋት ያነደዱት ከከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ምሳ ስለታዘዘላቸው ነው። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ የማውቀው ጭስ ማለት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነው። ወንዴ አለመምጣቱን ሳይ ራሴ ሮጥኩ። ቤቱ ውስጥ ነጠላ የለበሰ አንድም ሰው የለም፤ ካኪ የለበሱ ሰዎች ጮክ ብለው ያወራሉ። ነገሩ እንግዳ ሊሆንብኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነብኝም።

«ጋሽ ተካ፣ የእኛን።»

«ራበህ እንዴ?» አሉኝ። ልጅ ስለማይጾም ለእኔ መሰላቸው። በባለቀዩ ጨርቅ አካፋ አውጥተው፣ በቆርቆሮ ሳህን አድርገው፣ በጨርቅ ሸፍነው ሰጡኝ። «ቀስ ብለህ ሂድ።»

ቀስ ብዬ አልሄድኩም። በሩ ላይ ስደርስ ተደናቅፌ ልወድቅ ነበር፤ ሳህኑን ግን አልለቀቅኩም።

«ዘጠኝ ሆኗል» አልኩ።

እማዬ መጀመሪያ መሬቱን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና መሬቱን።

«ሆኗል?»

«ሆኗል፤ ጭሱ ወጥቷል።»

 መዳፌ በሳህኑ ቀልቶ ነበር፤ እሱን አየች። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ አማተበችና ፒዛውን አራት አጠፈችው፤ አባቴ እንደሚያጥፈው። ጎረሰች። እንደገና ጎረሰች። ዘይቱ በእጇ አንጓ ላይ ወረደ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ። አንዱን ሩብ ጨረሰች። ሁለተኛውን አነሣች።

ወንዴ ደብተሩን ይዞ የገባው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆመ። እማዬን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ እግሩ ሥር ያለውን ፀሐይ አየ። ፊቱ ላይ የሆነውን ዛሬም አልረሳውም፤ ያኔ ግን ቅናት መስሎኝ ነበር፤ የእሱን ሥራ ስለቀማሁት።

«ቆመህ ምን ታያለህ?» አለችው እማዬ። «ና ብላ።»

ወንዴ ከጠዋት ጀምሮ ጿሚ ነበር። በሕይወቱ ጾም ሽሮ አያውቅም፤ ሲያመው እንኳ። ደብተሩን ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ተቀመጠና ከእጇ ጎረሰ።

ሦስታችን ጨረስነው።

ከዚያ ወንዴ ወደ ውጪ ጠራኝ። የምመታ መስሎኝ ነበር።

«ዘጠኝ ሆኗል ያለህ ማነው?»

«ጭሱ።»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ነው ማሙሽ።»

አልገባኝም። «ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ምንም አይሆንም። ብትሰማ ግን ራሷን ትቀጣለች፤ ሰባት ቀን ውኃም አትቀምስም። አትነግራትም። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት ከእኔ ትጠይቃለህ እንጂ ከጭስ አትጠይቅም።»

እውነተኛው ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ወንዴ ምሣር አንሥቶ በሩ ላይ እንጨት መፍለጥ ጀመረ። ሕዝቡ ከቅዳሴ እየተነጋገረ ሲወርድ ድምፁ ለእማዬ እንዳይሰማ መሆኑ ነው። ወገቡ እስኪቆረጥ ፈለጠ።

«ምነው ዛሬ እንጨት አበዛህ?» አለች እማዬ ከውስጥ።

«ለፋሲካ ነው።»

«ፋሲካ አንድ ወር አለው እኮ።»

«እርጥብ ነው እማዬ፤ እስኪደርቅ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ወንዴ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የማገዶ ማስቀመጫ እየገባ ይቆይ ነበር። በቀዳዳ አየሁት። ይነሣል፣ በግንባሩ ይደፋል፤ ይነሣል፣ ይደፋል። መጀመሪያ የወደቀበት ነገር የሚፈልግ መሰለኝ። በኋላ ጠየቅኩት።

«ስፖርት ነው» አለኝ።

«እኔም ልሥራ?»

«አንተ ወፍረሃል፤ አትችልም።»

በሳምንቱ አባ ገብረ ማርያም ጠበል ሊረጩልን መጡ። ወንዴ ሲቀመጥ ጉልበቱን ይዞ አቃሰተ። እማዬ ጠበሉን ለመቀበል ስትነሣ ግድግዳ ተደግፋ ነው። አባ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

«በዚህ ቤት ጉልበት በርትቷል» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ እማዬ በላች። በየቀኑ፣ በትክክለኛው ዘጠኝ ሰዓት፣ ወንዴ እያመጣላት። መጀመሪያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ። የእጇን አንጓ ስለካ ጣቶቼ መግጠም አቆሙ። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ሰው እያያት፣ ተካ ቤት ገባች። ጋሽ ተካ ወንበር ሊያመጡላት ሲሮጡ እሷ አልፋ ሄዳ እጇን የምድጃው ጀርባ ላይ አሳረፈች። ብዙ አሳረፈችው። ከዚያ ተቀመጠችና፣ «ፎርማጆ ያለበትን» አለች።

የማገዶ ቤቱን ነገር ወንዴ የነገረኝ በቅርቡ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። «የእማዬ ጾም የፈረሰው በእኔ ነው» ብሎ ለአባ ተናዞ፣ የእሷን ንስሐ በእሱ ላይ እንዲያደርጉለት ለምኗቸው ነበር። በቀን መቶ ስግደት፣ ለሰባት ቀን። «የአንተንም ጨምሬ ነው የሰገድኩት፤ ሰዓት ለማታውቀው» አለኝና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ለእማዬ እንዳትነግራት።» ይህ ከሞቱ በፊት ከነገረኝ ነገር የመጨረሻው አይደለም፤ እኔ ጋ የቀረው ግን ይህ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አልቅሼ ስጨርስ ተካ ቤት ገባሁ። ዛሬ ቤቱን የያዘችው ልጃቸው ናት፤ ምድጃው ግን የአባቴ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያጨሰው። ዐቢይ ጾም ስለሆነ የጾሙን አዝዤ፣ በጋዜጣ አስጠቅልዬ፣ ወደ እማዬ ወጣሁ።

እማዬ መደቡ ላይ ናት። በዕድሜዋ ምክንያት ጾም ግዴታሽ አይደለም ተብላለች፤ እሷ ግን ሰዓቷን ትጠብቃለች፤ ሰዓቱ ሲደርስም አትበላም። ከወንዴ ቀብር ወዲህ እንዲህ ናት። ጋዜጣውን ስፈታ ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። አፌ ግን፣ «ዘጠኝ ሆኗል እማዬ» አለ።

መሬቱን አየች። ፀሐይ ገና ደፉ ላይ ናት።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሰዓት አታውቅም» አለች።

ያ ረቡዕ ትዝ አለኝ። ከዚያ እንደምንም፣ «ያኔ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሰዓቱንማ ከአንተ በፊት አውቀው ነበር። ዘጠኝ ሲሆን ፀሐይ አልጋው እግር ትደርስ የለ? ከዚያ ጨለማ እንድትወጣ ብዬ ነው ጭስ እይ የምልህ።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

«እጅህ ተቃጥሎ ነበር።» መዳፌን ይዛ አገላብጣ አየችው። «ወንዴ ሲገባ ሰዓቱን እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። ጾሟን ሻረች ብሎ እንዳያዝንብኝ። ሲጎርስልኝ ጊዜ፣ ተመስገን፣ አላወቀም አልኩ። አባ መቶ መቶ ስግደት ሰጡኝ፤ እናንተ ሳትነሡ በጠዋት ነበር የምሰግደው።»

ያን ጊዜ የወንዴን ቃል አፈረስኩ። ስለ ደብተሩ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ማገዶ ቤቱ ሁሉንም ነገርኳት። መጨረሻ ላይ፣ «ለእሱም መቶ ነው የሰጡት» አልኳት።

እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባን ያያኋቸው መሰለኝ፤ ይህን ጊዜ ግን ሳቅ መሆኑን አወቅኩ። ሳቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች።

«አዬ ወንዴ» አለች። «አዬ ልጄ፤ ያን ሁሉ እንጨት።»

እጇን እንዳስታጥባት ዘረጋችልኝ። ፒዛውን ራሷ አራት አጠፈችው፤ ጣቶቿ ደክመዋል፣ ግን አጠፈችው። ጎረሰች። አኝካ ዋጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆመህ ምን ታያለህ?» አለችኝ። «ና ብላ።»

ከጠዋት ጀምሮ ጿሚ ነበርኩ። ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ፀሐይ ደፉን አላለፈችም። እጄን ታጠብኩ፣ ተቀመጥኩና ከእጇ ጎረስኩ።